ስፕሪሱን ከውስጥ በኩል፦ የኮምቦልቻው ጁስ ቤት ስቲከር ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

አዲስ የስቲከር ሥራ ያዝኩ። ሱቄ ደሴ ነው፣ ሥራው ግን ኮምቦልቻ ያለ ጁስ ቤት ነው። የፊት መስታወቱ ላይ አንድ ትልቅ የስፕሪስ ብርጭቆ ይፈልጋሉ፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ። ከጎኑ ደግሞ «ቁርስ፣ ጁስ፣ ቡና» የሚል ጽሑፍ አለ። ስፕሪሱ ያው የምናውቀው ነው፤ ከታች አቮካዶ፣ መሃል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብርቱካናማ። የብርጭቆው ቅርጽ በጥቁር መስመር ይወጣል፣ አንዲት ነጭ ነጸብራቅም በጎኑ ትወርዳለች።

መጀመሪያ አትሞ መለጠፍ ነበር ሐሳቡ። ግን ፎቶ የለው፣ ከቀለም ወደ ቀለም ቀስ እያለ የሚሄድ ነገር የለው፣ ሁሉም ልሙጥ ነው። እንዲህ ያለውን ባለቀለም ስቲከር በፕሎተር፣ በስቲከር መቁረጫው ማሽን፣ ቆርጦ መደራረብ ይሻላል። የታተመ ቀለም ስቲከሩ ፊት ላይ የተኛ ስስ ነገር ነው፣ ባለቀለሙ ግን ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይን ይበልጥ ይችላል። የሚታተመው የዋጋ ዝርዝሩ ብቻ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ። «ከውጭ በኩል አትለጥፍብኝ፣ የበፊቱን የሰፈር ልጆች በጥፍራቸው ልጠው ጨረሱት» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው፣ ሥራው ግን ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል።

ከውጭ ስትለጥፍ ከኋላ የሚሆነው ትልቁ ቀለም መጀመሪያ ይወርዳል፣ ትናንሹ እየተከተለ ከላዩ ይቀመጣል። መጨረሻ የለጠፍከው ፊት ነው። ከውስጥ ስትለጥፍ ግን ዓይን የሚያየው በመስታወቱ አልፎ ስለሆነ መጀመሪያ የለጠፍከው ፊት ይሆናል፣ በኋላ የመጣው ሁሉ ከጀርባው ይደበቃል። ስለዚህ ነጸብራቋ አንደኛ ትገባለች። ከዚያ ጥቁሩ መስመር። ከዚያ ቀዩና አረንጓዴው፣ ቀጥሎ ቢጫው፣ ማሳረጊያው ነጭ። ሁሉም ሚረር ተደርጎ፣ ማለትም ግራና ቀኙ ተገልብጦ፣ ነው የሚቆረጠው። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ» እያለ የቀለም ቅደም ተከተል በቃሉ ይይዛል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ምንም አይጠቅምም። ማየት ያለብህ ሰውዬው የቆመው በየትኛው በኩል ነው፣ ብርሃኑስ ከየት ይመጣል የሚለውን ነው።

እሑድ

ኮምፒዩተር ላይ ዋልኩ። ኮረል ድሮው የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ሌየር (ንብርብር) አደረግኩ። ፕሎተር ቀለም አያውቅም፣ መስመር ብቻ ነው የሚከተለው፤ ዝም ብለህ ከላክለት የተደራረበውን ሁሉ ባንድ ላይ ይቆራርጠዋል።

ዋናው ጣጣ ቀለሞቹ የሚገናኙበት ጠርዝ ነው። አረንጓዴውና ቢጫው ልክ መስመሩ ላይ ተነካክተው እንዲቆሙ አድርገህ ብትቆርጥ ስክሪን ላይ ሸጋ ነው። መስታወት ላይ ግን ግማሽ ሚሊ ሸርተት ካለ በቃ፣ ክር የምታክል ክፍተት ትወጣና ከመንገድ ማዶ ሳይቀር ትታያለች። ስለዚህ አንዱ በአንዱ ሥር መግባት አለበት። ለትንሽ ሥራ 1 ሚሊ ይበቃል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ 2 ሚሊ እሰጣለሁ። የትኛው ነው ሥር የሚገባው? ጨለም ያለው ፊት ይቆማል፣ ፈካ ያለው ሰፋ ብሎ ከኋላው ይገባል። ቢጫ ስቲከር የኋላውን አይደብቅም፤ ቢጫውን ፊት አድርገህ አረንጓዴውን ከኋላው ብታስገባ ጠርዙ ላይ የቆሸሸ የሚመስል መስመር ታያለህ።

እስከዚህ የተለመደው ነው። ይሄ ቤት ግን ማታም ክፍት ነው፣ ውስጡ መብራት አለ። ውጭው ሲጨልም ብርሃኑ ከስቲከሩ ጀርባ ይመጣል፣ ቀን የማይታየው መደራረብ ያኔ ሁሉ ይጋለጣል። ድርብ የሆነው ቦታ ከነጠላው ይጠቁራል። ያቺ 2 ሚሊ በአረንጓዴው ዳር ዳር ጠቆር ያለ መስመር ሆና ትወጣለች ማለት ነው። ቁርጥራጭ ደራርቤ በስልኬ ባትሪ ከኋላ አበራሁበት። በደንብ ይታያል።

ስለዚህ ቢጫውን የመሃል ቁራጭ ማድረጉን ተውኩት። የብርጭቆውን ሆድ በሙሉ የሚሞላ አንድ ወጥ ቢጫ ይሆናል። ቀዩና አረንጓዴው ከፊቱ ይቀመጣሉ፣ ቢጫው ከኋላቸው ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፣ ራሱ የሚታየው እነሱ በሌሉበት መሃል ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን አረንጓዴው ከላይ እስከ ታች እኩል ድርብ ነው፣ ቀዩም እንደዚያው፣ የጠቆረ መስመር የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ ማገጣጠም ያለብኝ ጠርዝ ቀነሰ። አረንጓዴው ማታ ወደ ቢጫ ትንሽ ያደላል፤ አቮካዶ ነው፣ ምን ችግር አለው። ቢጫ ስቲከር ይባክናል የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው፣ አዎ ይባክናል። ደንበኛ ማታ ደውሎ «ይሄ መስመር ምንድነው?» ከሚለኝ ግን ይሻለኛል።

ነጩም ወጥ ነው፣ ከሁሉም ኋላ። ቢጫውን ቀን ላይ የሚያደምቀው እሱ ነው። ያለ ነጭ ቢጫው የቤቱን ውስጥ ጨለማ ይዞ ደብዘዝ ይላል።

የውጭ ጠርዞቹን ጥቁሩ መስመር ይሸፍናቸዋል። መስመሩን 10 ሚሊ አወፈርኩት። ቀዩና አረንጓዴው ከሥሩ 3 ሚሊ ይገባሉ፣ ቢጫው 4 ሚሊ ተኩል፣ ነጩ 6 ሚሊ። ሆን ብዬ ነው ያለያየሁት። ሁሉም አንድ መስመር ላይ ካበቁ እዚያው ጉብታ ይሠራል፣ በጉብታው ሥር አየር ይቀራል፣ ከዚያ መነሳት ይጀምራል። አንድ ስቲከር ውፍረቱ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ነው፤ አራት ሲደረብ ሩብ ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ይመጣል። ወረቀት ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ በጣትህ ስትዳብሰው ግን ደረጃ ነው።

ነጸብራቋ ነጭ ሆና ከኋላዋ አረንጓዴና ቀይ ስላለ ፍጹም ነጭ አትሆንም፣ የኋላው ቀለም ትንሽ ይታይባታል። ለጽሑፍ ቢሆን አልቀበለውም ነበር። ለብርጭቆ ነጸብራቅ ግን እንዲያውም ይስማማዋል።

ሰኞ

ጽሑፉ። 9 ሳንቲ ቁመት፣ ቀይ ፊደል፣ ከኋላው 5 ሚሊ የሚወጣ ነጭ ጠርዝ። ንያላ ፎንትን ለዚህ አልጠቀምም፣ ቀጫጭን እግሮቹ በዙሪያቸው ያለው ትርፍ ስቲከር ሲለቀም ይበጠሳሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በጣም ወፍራም የሆነው አለው፣ እሱን ወሰድኩ።

የላቲን ፊደል ብቻ የሠራ ሰው የማያውቀው ጣጣ አለን እኛ። «ቁ»ን ተመልከቱ፤ በግራና በቀኝ ቀለበት፣ መሃል ላይ እግር፣ እግሩ ጎን ደግሞ የካዕብ ምልክቷ። 5 ሚሊ ነጭ ዙሪያውን ስታወጣ ቀለበቶቹ ውስጥ ከየአቅጣጫው ይመጣና የምስር ፍሬ የማታክል ቀዳዳ ትቀራለች። እሷን መልቀም መከራ ነው፣ ብትለቅማትም ከሩቅ ቆሻሻ ነው የምትመስለው። ደመሰስኳቸው፣ ነጩ ይሙላው። «ቡ» ላይም ምልክቷና እግሩ መካከል ያለው ክፍተት እንዲሁ ነው፤ እዚያ ግን ቀዩ ፊደል ውስጥ ያለውን ክፍተት መንካት የለብህም፣ እሱ ከጠፋ «ቡና»ው ሌላ ነገር ይሆናል። ነጩ ብቻ ነው የሚሞላው።

ስቲከሩን ሳወጣ ከመኪና ሥራ የተረፈ ጥሩ ጥቁር አገኘሁ፣ ካስት የሚባለው ዓይነት፣ ስስና ልስልስ። በዋጋ ከሁሉም ይበልጣል። ግን አልተጠቀምኩበትም። ሌሎቹ ቀለሞች ካሌንደርድ ናቸው፣ ኦራካል 651 የሚባለው ስቲከር የሚመደብበት ዓይነት፤ ካሌንደርድ ሲሠራ ተዳምጦ ተስቦ የወጣ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ወደ ራሱ ይሰበሰባል። ካስት ብዙም አይሰበሰብም። ካሌንደርዱን በካስት ላይ ብትደርብ የላይኛው ሲሰበሰብ የሥረኛውን ይጎትተዋል፣ ይሸበሸባል፣ ጠርዙ ላይ ሙጫው ይወጣል። ስለዚህ ተራ ጥቁር ገዛሁ። የደሴ ገበያ ቀን ስለሆነ ፒያሳ ድረስ መውረዱ ራሱ ሥራ ነበር።

ከመቁረጤ በፊት ፕሎተሩን ለካሁት። ግማሽ ሜትር መስመር በርዝመት፣ ግማሽ ሜትር በወርድ ቆርጦ በሜትር ማየት ነው። የእኔው በሁለቱ አቅጣጫ 1 ሚሊ ገደማ ይለያያል። ቻይና ማሽን ላይ የሚገርም አይደለም፣ ለነጠላ ቀለም ሥራም ማንም አያውቀውም። ለድርብ ሥራ ግን ይሄ ሞት ነው፤ ስቲከር ለመቆጠብ ብለህ ቢጫውን አዙረህ በጎን ብትቆርጠው ከአረንጓዴው ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ሁሉንም ሌየር በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ፍጥነት ነው የምቆርጠው።

ለማገጣጠሚያ በየሌየሩ አራት ማዕዘን ላይ ምልክት አስገባሁ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ የምትወርደው ሌየር ድፍን ካሬ አላት፣ የቀሩት ሁሉ ባዶ ፍሬም። ፍሬሙ ካሬውን በየጎኑ በ1 ሚሊ ይበልጣል። በፍሬሙ መሃል ካሬውን ካየኸው ገጥሟል ማለት ነው።

ነጩን እየቆረጥኩ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመለስ ፕሎተሩ የጀመረበትን አይረሳ ይመስል ከቆመበት ለማስቀጠል የሚሞክር አለ። አያስቀጥልም፣ ዜሮውን፣ መነሻ ነጥቡን፣ ጥሎታል። የተቆረጠውን ቀድጄ ለትንንሽ ሥራ አስቀመጥኩና ከአዲስ ጀመርኩ።

ማክሰኞ

ለቀማ። ወረንጦ፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት። ሚረር የሆነ አማርኛ ስትለቅም ዓይንህ ይሳሳታል፣ የፊደሉን ሆድ ትተህ ፊደሉን ልታነሳ ትችላለህ። ስልኬን በፊት ካሜራ ከፍቼ ስቲከሩ ላይ አዞርኩት፤ የፊት ካሜራ ሲያሳይህ እንደ መስታወት ገልብጦ ስለሆነ «ቁርስ» ቀጥ ብሎ ይነበባል። ከአጎቴ ልጅ የተማርኳት ዘዴ ናት።

ጽሑፉን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ ነው የምወስደው፣ ሁለት ድርብ ብቻ ስለሆነ ይቻላል። እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉ እንደገና ይገለበጣል። መስታወት ላይ ቢሆን ከቀዩ ነበር የምጀምረው። ጠረጴዛ ላይ ግን ከነጩ እጀምራለሁ፦ ትራንስፈር ቴፕ (የተቆረጠውን አንስቶ የሚያዛውረው) ነጩ ላይ፣ ነጩን ከወረቀቱ ማንሳት፣ ሙጫው ወደ ታች እንደሆነ ገና ወረቀቱ ላይ ባለው ቀይ ላይ ማሳረፍ፣ በስኩዊጂ (በመግፊያው) መጫን፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ማንሳት። ነጩ ቀዩን ይዞት ይነሳል። አሁን ሙጫ ያለው የቀዩ ፊት ወደ መስታወቱ ነው የሚሄደው፣ ነጩ ከኋላ ነው። ያልገባው ሰው አንዴ በቁርጥራጭ ይሞክራት፣ በጽሑፍ ከምትመስለው ትቀላለች።

ብርጭቆውን እንዲህ አላደርገውም። አምስት ሌየርና 90 ሳንቲ ቁመት ያለውን አንድ ላይ ብታነሳው ግትር ይሆናል፣ መስታወት ላይ አልታጠፍ አልዘረጋ ይልሃል። እሱ እዚያው አንድ በአንድ ነው።

የደሴ ጠዋት ለዚህ ሥራ አይመችም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሱቁ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ሙጫው ይሰንፋል፣ ትራንስፈሩ ፊደሉን ትቶ ብቻውን ይነሳል። ከ10 ዲግሪ በታች አልለጥፍም። ጥቅሎቹን ማታ ቤት አስገብቼ ነው ያሳደርኳቸው፣ ጠረጴዛውን ደግሞ በፀጉር ፎን ሞቅ አደረግኩት።

ረቡዕ

በጠዋት በሐረጎ ቁልቁለት ወረድን፣ ረዳቴና እኔ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን 600 ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ ጃኬትህን ቁልቁለቱ ላይ ታወልቃለህ። የቤቱ መስታወት ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከሰዓት ፀሐዩ ይመታዋል፣ መስታወቱ ሲግል ሙጫው ገና ሳታስተካክለው ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ከ6 ሰዓት በፊት ዋናውን መጨረስ ነበረብን።

እትዬ ሲያዩን «በሩንስ ሙሉ አረንጓዴ ብታለብሰው አይሻልም?» አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ፀሐይ የሚመታው ተራ መስታወት ላይ ጠቆር ያለ ስቲከር ሙሉ ስታለብሰው መሃሉ ይግላል፣ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀው ጠርዝ ግን ቀዝቃዛ ይቆያል፣ በዚህ ልዩነት መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። «ወላሂ ይሄን የነገረኝ የለም» አሉና ተዉት።

መስታወቱን በላርጎ ውሃ፣ ከዚያ በምላጭ፣ መጨረሻ በአልኮል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት፣ ነጸብራቋንና ጥቁሩን፣ በውሃ ለጠፍኩ። ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ላርጎ፣ መስታወቱ ላይ መርጨት፣ ስቲከሩን ማንሳፈፍ፣ በውሃ ልክ ማስተካከል፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር መግፋት። መስታወት ላይ ይሄ ይሠራል፣ ውሃው በጠርዝ ይወጣል። ጥቁሩ ቀጭን መስመር ስለሆነ ውሃው ቶሎ ለቀቀው።

ከዚያ ግን ቆምን። ረዳቴ ቀዩን አንስቶ መጣ፣ «አብሽር፣ ቁጭ በል» አልኩት። ስቲከር በስቲከር ላይ ሲለጠፍ ሁለቱም ውሃ አያሳልፉም፣ መሃል የቀረ እርጥበት መውጫ የለውም፣ ከመስታወቱ ማዶ ደመና የመሰለ ግራጫ ነገር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከሦስተኛው ሌየር ጀምሮ ሁሉም በደረቅ ነው፣ ደረቅ ለመለጠፍ ደግሞ ከሥር ያለው መድረቅ አለበት። በጨርቅ ጠርዝ ጠርዙን አደረቅን፣ በፎን አሞቅን፣ የቤቱን ስፕሪስ ጠጣን። አቮካዶው ከላይ ነው የመጣልኝ፣ ከሥዕሌ ጋር አይገጥምም፤ ዝም አልኩ።

ቀዩንና አረንጓዴውን በማጠፊያ ዘዴ አስቀመጥን። ወረቀቱን ሳትልጥ ፍሬሞቹን ካሬዎቹ ላይ ታገጥማለህ፣ መሃሉን በማስኪንግ ቴፕ ወደ መስታወቱ ታስራለህ፣ ከዚያ ግማሹን ወረቀት ልጠህ ትቆርጥና ትለጥፋለህ፣ ቴፑን አንስተህ ሌላውን ግማሽ። ቢጫው ትልቅ ስለሆነ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይገፋል፣ የቀዩና የአረንጓዴው ጠርዝ ጋ ስትደርስ ስኩዊጂውን በጠርዙ አቅጣጫ እንጂ በጠርዙ ላይ አቋርጠህ አትግፋው። አቋርጠህ ከገፋህ አየር ደረጃው ሥር ይታሰራል። ቢሆንም ትንሽ ቀረ። በመርፌ ነካ አድርጌ በጣቴ ጫንኩት፤ ከኋላ ስለሆነ የመርፌው ቀዳዳ ከውጭ አይታይም።

ነጩ ቀላል ነበር። ጽሑፉን መጨረሻ ላይ በውሃ። የማገጣጠሚያ ካሬዎቹን በምላጭ አነሳናቸው።

ማታ ፎቶ ላኩልኝ ብያቸው ነበር፣ ላኩ። አረንጓዴው ወጥ ነው፣ ቀዩም። ጥቁሩ አካባቢ ምንም አልወጣም። ነጩ የጽሑፉ ጠርዝ ማታ ካሰብኩት በላይ ያበራል፣ ቀዩ ፊደል መሃሉ ይጠቁራል። ይነበባል፣ ግን ለቀጣይ ሥራ ማታ ማታ ለሚያበራ ቤት ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ ነው የምጠይቀው።

ሐሙስ

የዋጋ ዝርዝሩ። ነጭ ስቲከር ላይ ኢኮ ሶልቬንት በሚባለው ቀለም ይታተማል፣ ቢጫ መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ።

እዚህ መደራረቡ በቀለም ጠብታ ነው። ትንሹ ጽሑፍ ንጹህ ጥቁር ይሁን፣ ኬ (ጥቁሩ ቀለም) 100፣ ሌላው ዜሮ። ቢጫው ላይ ደግሞ ኦቨርፕሪንት አድርጌዋለሁ፣ ጥቁሩ ሙሉው ቢጫ ላይ ይታተማል ማለት ነው። ካላደረግክ ፕሮግራሙ ቢጫውን በፊደሉ ቅርጽ ይበሳዋል፣ ጥቁሩ ቀዳዳው ላይ ይገባል፣ ማሽኑ ትንሽ ከተዛነፈ በየፊደሉ ጎን ነጭ ጭረት ይወጣል። ኦቨርፕሪንት ሲሆን ቢጫው ከሥር ስላለ የሚታይ ክፍተት የለም። አታሚውን ግን መጠየቅ አለብህ፣ አንዳንድ ሪፕ ሶፍትዌር (ፋይሉን ለማተሚያው የሚያዘጋጀው) ኦቨርፕሪንቱን ካላበሩለት አያየውም።

የላይኛው ጥቁር አግዳሚ ሰፊ ነው፤ ኬ 100 ብቻውን ሰፊ ቦታ ላይ ግራጫ ይመስላል። እዚያ ሲያን 40፣ ማጀንታ 30፣ ቢጫ 30 ጨመርኩ። አራቱንም 100 አድርጎ የሚልክ አይቻለሁ፤ ያ ቀለም ሳይደርቅ ስቲከሩን አልፎ ሙጫውን ያለሰልሰዋል።

ታትሞ መጣ። አሁን ሱቁ ውስጥ ተዘርግቶ ተሰቅሏል፣ አልጠቀለልኩትም። ላሚኔት ከመደረጉ፣ በላዩ ግልጽ ፕላስቲክ ከመልበሱ፣ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት መተንፈስ አለበት፣ በደሴ ብርድ ደግሞ እጥፍ እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ላሚኔት ይደረጋል፣ ከዚያ ረዳቴ ይዞት ይወርዳል።